የማር እንጀራ ሣጥን

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ሰባቱም የማር እንጀራዎች እንክትክት ብለዋል። ዘይነባ ከደሴ የመለሰችውን ካርቶን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ስታሳርፈው ማሩ ከሥር እየተንጠባጠበ መላጊያዬ ላይ ወረደ። መላጊያን ከማር ማጽዳት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ልቆጣ አልኩና ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ዘይነባ የባለቤቴ የአስካለ ጓደኛ ናት። አስካለ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዘይነባ ግን ከቤቴ እግሯ አልጠፋም። መንደሯ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነው። እሷን ጨምሮ ሰባት ሴቶች በዘመናዊ ቀፎ ንብ ያረባሉ። እስከ አምና ማሩን ከነሰፈፉ አቡክቶ ለጠጅ የሚወስድ ነጋዴ ነበራቸው። ዘንድሮ ደሴ ያለች አንዲት የሆቴል ባለቤት፣ የማር እንጀራው ሳይነካ፣ ከነእንጨት ፍሬሙ ይምጣልኝ አለች። እንግዶቿ ፊት ታቆመዋለች አሉ። ስድስቱን ሴቶች ነጋዴውን እንተወው ብላ ያሳመነቻቸው ዘይነባ ናት። አሁን ስድስቱም እሷን ያያሉ። ሁለቱማ ቀፎውን ሸጠን እንገላገል ማለት ጀምረዋል።

እንዴት አድርገሽ ነው የጫንሽው አልኳት።

"ጭድ አነጠፍኩ። አንዱን በአንዱ ላይ ደረብኩ። ከላይ ጭድ ደገምኩ።"

ሌማት ላይ እንደሚደረብ አድርጋ ደርባዋለች። የሆቴሏ ባለቤት ማሩ ውስጥ የገባውን ጭድ በሹካ እያወጣች አሳየቻት። አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ እሞክራችኋለሁ ብላታለች።

"ጋሼ፣ ሣጥን ሥራልኝ" አለች። ሁለት የሬሳ ሣጥን አለብኝ አልኳት። "ሙታን አይቸኩሉም" አለችኝ። እሺ አልኩ።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ወገቤ ዛሬም አላስነሳ ብሎኝ ነበር። ከመስከረም ወዲህ የሠራሁት አንድ በር፣ አንድ አልጋ፣ የቀረው ሁሉ የሬሳ ሣጥን ነው። እጄ ሌላ ነገር የረሳ እየመሰለኝ ነው። እውነቱን ልጻፍና፣ የዘይነባን ሣጥን እሺ ያልኩት ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። ሰው የማይተኛበት ነገር መሥራት አምሮኝ ነው።

የማሩ ጠላቶች፦
መንቀጥቀጥ።
ፀሐይ። የመኪና ጣራ ላይ ሰፈፉ ይልማል።
ሽታ። ጽድ አይሆንም፤ ማሩ ጽድ ጽድ ይላል። ዋንዛ ይሻላል።
ሙሄ።

ሙሄ ከውጫሌ በከተማችን በሐይቅ አድርጎ ደሴ የሚሄደው የቅጥቅጥ አውቶቡስ ረዳት ነው። ጣራው ላይ የሚጭነውም የሚያወርደውም እሱ ነው። ማውረድ ካሉት።

ዘይነባ ባዶ ፍሬም ይዛ መጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ አየሁት፤ አገላበጥኩት። ቀፎው ውስጥ እንዴት ነው የሚቀመጠው አልኳት።

"ተንጠልጥሎ ነዋ!" አለች፣ እንደ ቂል እያየችኝ። ከዚያ ሁለታችንም የተጋደመውን ፍሬም አየን። ንቦቹ አንጠልጥለው የሠሩትን እኛ አስተኝተን ነው የላክነው።

ከጎማ ጠጋኙ ያረጀ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ፣ ለመንኩ። በቀጭን በቀጭኑ ቆርጬ ፍሬሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቸነከርኩት። በጣቴ ስነካው ፍሬሙ ትንሽ ረገብ ብሎ ይመለሳል። ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከጎማ ጋር ስጫወት ዋልኩ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ሣጥኑ አለቀ። ዋንዛ ነው። ሰባት ፍሬም ይንጠለጠላል። ክዳኑ ልሙጥ፣ ጠርዙ የተስተካከለ። በቀይ ቀለም ቀስት ሣልኩና "ይህ ወደ ላይ" ብዬ ጻፍኩበት። ጽሕፈቱ የአስተማሪ እስኪመስለኝ ድረስ አማረልኝ።

ሰባቱ ሴቶች በእግራቸው መጡ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፍሬም እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው። ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ሲመጡ አንድም አልተሰነጠቀ። በሰው እጅ ሲመጣ ምንም አይሆንም፤ ይህን ልብ ብያለሁ።

ሙሄ ተቀበለ፤ ዘይነባም አብራ ተሳፈረች። እኔ ጣራው ላይ ሲሰቀል ሳልጠብቅ ገብቼ ተጋደምኩ። ዛሬስ ደግ ሠራሁ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

አራቱ ተሰብረዋል።

ቅጥቅጡ ሲመለስ መናኸሪያ ጠብቄ ሙሄን ያዝኩት። ወደ ላይ ተብሎ ተጽፏል እኮ አልኩት።

"ጋሼ፣ እኔ ሥራዬ መጫን ነው፤ ማንበብ ነው እንዴ?"

ገልብጦ ነው የጫነው። ከላዩ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጣለበት። ለምን ብዬ ጮህኩ። እሱ ግን አልተቆጣም። "ልሙጥ ነገር ካየሁ እደርባለሁ። ምን ላድርግ? ጣራው እኮ አንድ ነው" አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ተሳድቤ እገባ ነበር። ልክ ነው ያለው። እንዲደረብበት አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ።

ዘይነባ ከጁምዓ በኋላ መጣች። የሆቴሏ ባለቤት ሰኞ የመጨረሻ ነው ብላታለች፤ ሰባቱም ሙሉ ካልሆኑ ሁለተኛ እንዳትመጡብኝ። ዘይነባ አላለቀሰችም። የሻሿን ጫፍ እያጠፈች እየዘረጋች ተቀመጠች።

"ቀፎውን እንሽጥ ቢሉ እኔም አልከራከርም። ወላሂ ደከመኝ፣ ጋሼ።"

አብሽሪ አልኳት። ማን ለማን እንደሚል እንጃ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ መጣልኝ። የቤት ጣራ ላይ ጆንያ የሚያስቀምጥ ሰው የለም! ክዳኑን ሾጠጥ አድርጌ በሁለት ወገን አዘቀዘቅኩት። በላዩ ምንም አይቀመጥ፤ ተገልብጦም አይቆም። አሁን ሙሄ ያንብብ አያንብብ ጉዳዬ አይደለም።

ሐሙስ ፍሬሞቹ እርስ በርስ ተጋጭተዋል። ስለዚህ አራርቄ ሰቀልኳቸው፤ ሣጥኑም በዚያው ረዘመ። ሁለት ክንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ለአንድ ሰው ስለማይመች በአራት ማዕዘኑ የገመድ እጀታ አደረግኩ፤ ሁለት ሰው ከያዘው አይወረወርም። ለፀሐዩ ጨርቅ ያስፈልጋል። እጄ ላይ ያለው ሐምራዊው ከፋይ ብቻ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ይበቃል ብዬ ለካሁት።

ሁሉም ምክንያት አለው። አንዱንም ለጌጥ አላደረግኩም።

ዘይነባ ጨርቁን ሳላለብሰው መጥታ አየችው። "እንዴ! ጎጆ መሰለች!" ብላ ዞረቻት። ሰኞ አብረሽ ትሄጃለሽ አይደል ስላት እጇን አወራጨች። ሁለቱንም ጊዜ እሷ ናት የሄደችው። "እኔ ካየሁት ይሰበራል። አንተ ውሰደው።"

ከፋዩን ነገ እቸነክራለሁ ብዬ ነበር፤ ዛሬውኑ ጨረስኩት። ራቅ ብዬ ግን አላየሁትም። ደክሞኝ ነበር።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልሞክር።

ሣጥኑን በጋሪ አምጥቼ መናኸሪያ አወረድኩ። ሙሄ ከጣራው ላይ አየኝ። ቆቡን አወለቀ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወርዶ አንድ ሰው ጠርቶ፣ ሁለት ሆነው በእጀታው ያዙት፤ ቀስ አድርገው አወጡት፤ ቀስ አድርገው አሰሩት። የዓርቡ ጩኸቴ ሠራ ብዬ በልቤ ኮራሁ። ሰው ሲነገረው ይሰማል እኮ አልኩ።

ገባሁ። ሬዲዮው አምባሰል ይዘፍን ነበር፤ ሹፌሩ በመስታወት አየኝና ዘጋው። እንግዳ ነገር ነው አልኩ። አንድ ወጣት ተነስቶ የመስኮት ወንበሩን ለቀቀልኝ። ስለ ሽበቴ መሰለኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት እማማ የሺ ይባላሉ። ዓይናቸውን ሊታዩ ነው የሚሄዱት። ትንሽ እንደሄድን እጄን ያዙ።

"ልጅ ነው?"

"ምን?"

"ላይ ያለው። ስንት ዓመቱ ነበር?"

ያኔ ገባኝ። የሾጠጠ ክዳን። አራት እጀታ። ሐምራዊ ከፋይ። ሁለት ክንድ። በስመ አብ! ሌላ ነገር ሠራሁ ብዬ ስኮራ፣ እጄ የለመደውን ነው የሠራው። የሕፃን ሬሳ ሣጥን።

ዓይኔን ወደ ጣራው አነሳሁ። እማማ የሺ ዝምታዬን ከሐዘን ቆጠሩት። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ ደሴ እስክንገባ አላቆሙም። በመሀል ቤትህ የት ነው አሉኝ። መናኸሪያው ጀርባ፣ አናጢ ነኝ አልኳቸው። ይህን ያህሉን ለመናገር ምላሴ አልታሰረም። ማር ነው ለማለት ግን ታሰረ። ሰባት ሴቶች ትዝ አሉኝ፤ ማር ነው ካልኩ ሙሄ እንዴት አድርጎ እንደሚያወርደው ትዝ አለኝ።

ደሴ ሣጥኑ ሳይወርድ አንድም ሰው ከመኪናው አልወረደም። ሹፌሩ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "እግዚአብሔር ያጥናህ" አለኝ።

አሜን አልኩ። ዝምታውስ ዝምታ ነው፤ አሜን ማለቴ ግን ውሸት ነው።

ከሆቴሉ አጥር ጀርባ ከፋዩን ከአንድ ጎን ገለጥ አድርጌ ከፈትኩት። ሰባቱም ሙሉ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ሴትየዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከእንግዲህ በየቅዳሜው አምጡ አለች። ባዶውን ሣጥን ይዤ ስመለስ በሌላ መኪና ነው የመጣሁት።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ዘይነባ ከበሩ ጀምራ እየዘለለች መጣች። ቀፎ እንሽጥ ያሉት ሁለቱ አሁን ሌላ ቀፎ እንጨምር እያሉ ነው። "አላህ እጅህን ይባርከው!" አለችኝ። እጄን ከጠረጴዛው በታች አደረግኩት።

አልነገርኳትም። ብነግራት ምን ትሆናለች? ባልነግራት በየቅዳሜው አንድ ሕፃን ልቀብር ነው? ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ይጨሳል። እኔም የተረፈ እንጨትና ፍቅፋቂ ሰብስቤ ደጄ ላይ ለኮስኩ። በጭሱ መሀል አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ስትመጣ አየሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

እማማ የሺ። ለቅሶ ልትደርሰኝ! ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ በትንሽ ሰፌድ ንፍሮ ይዛ።

ዛሬ አንቱ እያልኩ የምጽፍበት አቅም የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ። ሣንቃው ላይ ተቀመጠች። ዙሪያውን አየች፤ ሰው የለም፣ ድንኳን የለም።

"ጎረቤት የለህም እንዴ፣ ልጄ? እናትየውስ የት አለች?"

"ሞታለች" አልኩ። ይህ እውነት ነው፤ ሳላስበው ወጣ።

"ሁለቱም!" ብላ ደረቷን መታች። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"እማማ፣ ልጅ የለም። ሣጥኑ ውስጥ ማር ነው የነበረው።"

"ማር?"

"ማር። እንዳይሰበር ብዬ የሠራሁት ነው። እንዲህ እንደሚመስል እኔም አላወቅኩም፤ እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው የገባኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ።"

ሰፌዱን ሣንቃው ላይ አኖረች። ጭሱ መጥቶ በመካከላችን አለፈ። "እና እኔ ከሐይቅ እስከ ደሴ ያነባሁት ለማር ነው?" አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እናትየው ሞተች ያልከውስ? እሱም ማር ነው?"

እሱስ እውነት ነው አልኳት። አስካለ። ሁለት ዓመቷ። ሣጥኗን የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ለሌላ አናጢ መስጠት አልሆነልኝም። ከዚያ በድንኳኑ ወንበር ስደረድር፣ ሰው ሳስገባ፣ ሰው ስሸኝ፣ አርባው ደረሰ። ከዚያ የሌላ ሰው ሣጥን ታዘዘ። አላለቀስኩም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለዘይነባም።

እማማ የሺ ምርኩዟን መሬት ላይ አስተኛች።

"በል እንግዲህ ለእሷ ይሁንልኝ። የወጣ እንባ ተመልሶ አይገባ።"

ያኔ አለቀስኩ። በእጄ መዶሻ ሳልይዝ፣ ሥራ ሳይኖረኝ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ ሆና ንፍሮዋን ትቆረጥማለች፤ አንድ ጊዜም ተው አላለችኝም። ስጨርስ እፍኝ ንፍሮ ሰጠችኝ።

ስትሄድ ግን ከበሩ ዞር ብላ "ሁለተኛ በማር ሰው እንዳታስለቅስ!" አለች። የእውነት ቁጣ ነው።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ለዘይነባ ነገርኳት። በመጀመሪያ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። እኛ በሣጥን አንቀብርም፣ እኔ ምን አውቄ፣ ጎጆ መስሎኝ እያለች ሳቀች። ከዚያ አቆመች።

"በሰው ሐዘን ተጭኖ የሄደ ማር አይበላልኝም፣ ጋሼ። ቢሰበር ይሰበር።"

"ከተሰበረ ሴትየዋ አትቀበልም።"

"አውቃለሁ።"

ሁለታችንም ሙሄ ዘንድ ሄድን። ይህኛው ከእማማ የሺ ይልቅ ከበደኝ። ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ። "ለማር ነው ሙሉ መንገድ ፋቲሃ ስቀራ የነበረው? ለማር!" አለ። ይቅርታ አልኩት። ሁለቴ አልኩት። ዘይነባም በመሀል ገብታ "አንተስ ሽንኩርት ስትጭንበት ምን ቀራህ?" አለችው። ሳይወድ ሳቀ።

ከፋዩን ገፍፌ ጣልኩ። በምትኩ ለፀሐዩ ነጭ አቡጀዲ። ሾጣጣው ክዳን ይቆያል፤ እሱ ያስፈልጋል። ከጎኑ ግን መስኮት ቀደድኩለት፤ ከአሮጌ ቁም ሣጥን ያወጣሁትን መስታወት ገጠምኩበት፤ አቡጀዲው እዚያ ጋ ይገለጣል። ሬሳ ሣጥን መስኮት የለውም። ሙሄ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። የዘይነባ አንዱ ፍሬም ተንጠልጥሎ ነበር፤ ነጭ ሰፈፍ፣ ከውስጡ ማሩ በርቶ።

"ይሄን ነው እንዴ ስወረውረው የነበረው?" አለ።

አላየውማ! ለካ እስከ ዛሬ የላክንበት ሰው ምን እንደያዘ አያውቅም። ይበቃ ይሆን? እንጃ። ሬሳ ሁሉም ሰው ያከብራል። ማርን ማን ያከብራል?

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ዘይነባ ዛሬ ራሷ ሄደች። እኔ አልሄድኩም፤ እዚያ መኪና ውስጥ የምቀመጥበት ፊት የለኝም። የሣጥን ትእዛዝ ነበረብኝ፤ እሱንም አልነካሁትም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ምስማር ሳቃና ዋልኩ፤ የተጣመመ ምስማር። ስንፍና ነው።

ከቀትር በኋላ ደወለች። በመጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ ነፍሴ መለስ አለች።

እማማ የሺ መነጽሯን ልትቀበል እዚያው መኪና ውስጥ ነበረች አለች። ገና ሣጥኑን ስታይ "ማር ነው! ማር ነው! ማንም እንዳያለቅስ!" ብላ ለተሳፋሪው አወጀች። ሹፌሩም ሬዲዮውን አልዘጋም። ሙሄ ብቻውን አልያዘውም፤ ሰው ጠርቷል፣ በእጀታው ነው ያወረዱት። ምንም አልደረበበትም።

"እና?" አልኳት። "ስንቱ?"

"ስድስቱ ሙሉ። አንዱ ጥግ ጥጉን ተሰንጥቋል።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ ነው አልኩ። አይደለም አለች። ሙሄ ነው። ደሴ ሣጥኑን አውርዶ፣ ኑ እዩ እያለ፣ ለመናኸሪያው ሰው ሁሉ በመስኮቱ ሲያሳይ፣ ከወዲያ በኩል የቆሙትም እንዲያዩ ብሎ አዘነበለው!

ሴትየዋስ አልኳት። ስድስቱን ወሰደች፤ ሰባተኛውን ሙሄ ራሱ ቀርቦ "ጥፋቱ የኔ ነው" ሲላት ስቃ "እሱን እናንተ ብሉት" ብላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ትጠብቀናለች። ሰባተኛውን መናኸሪያው ላይ ቆመው በሉት፤ ዘይነባ፣ ሙሄ፣ ሹፌሩ፣ እማማ የሺ። ለኔም ቁራሽ አስቀርታ ማምሻውን አምጥታለች፤ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በሳህን ተቀምጧል።

ስለዚህ መስኮቱ በሁለቱም ወገን መሆን አለበት። ሌላ መስታወት መፈለግ ሊኖርብኝ ነው። ወገቤም አልተሻለውም። የነገው ትእዛዝም እንዳለ አለ።

እማማ የሺ መልእክት ልካብኛለች፦ ያ ውሸታም አናጢ ሰፌዴን ይመልስልኝ። ልክ ናት፣ ከሚካኤል ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ አስካለ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር። ሰፌዱን አጠብኩ፤ ንጹሕ አቡጀዲ አነጠፍኩበትና የማሩን ቁራሽ መሀሉ ላይ አስቀመጥኩ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ በእጄ ይዤ እወስድላታለሁ።